አንድ ቀሽም ልቦለድ፣ ሠላሳ ጎበዝ ደራሲ

ምዕራፍ 4ን አንብባችሁ ጨረሳችሁ እንበል። ምዕራፍ 5፣ 6፣ 7 እያላችሁ ቀጠላችሁ። ምዕራፍ 17 ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር የሆነ ቦታ ያያችሁት ይመስላችኋል። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ወደ ኋላ ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ታስተያያላችሁ። ለካ ምዕራፍ 17 ማለት ምዕራፍ 4 ነው። ቃል በቃል፣ ነጥብ በነጥብ።

ይህን ለማወቅ የሥነ ጽሑፍ ዲግሪ አያስፈልግም። ዓይን ያለው ሰው ገጹን ከገለጠ ያየዋል።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የነበረ አንድ አሳታሚ ድርጅት ግን ይህን ልቦለድ ተቀበለው። ሊያሳትመው መወሰኑን ገልጾ ውል ላከ። ዛሬ የማወጋችሁ የዚያን ልቦለድ ጉዳይ ነው። ሃያ ዓመት አልፎታል። ቢሆንም ረቂቅ ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

አንድ ዶላር የሚከፍለው ድርጅት

ስሙ ፐብሊሽ አሜሪካ ነበር። መቀመጫው ፍሬድሪክ የምትባል ከተማ ነበረች፤ ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ቢነዳ የምትገኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወገኖቻችን መንገዱን ያውቁታል።

ድርጅቱ ራሱን የሚጠራው የነባሩን ወግ የተከተለ አሳታሚ እያለ ነበር። ከደራሲው ገንዘብ አንቀበልም፣ እንዲያውም እንከፍለዋለን ማለቱ ነው። ደግሞም ይከፍል ነበር። ለአንድ መጽሐፍ የሚሰጠው ቅድሚያ ክፍያ 1 ዶላር ነበር። አዎ፣ አንድ። አትሳቁ፤ ነገሩ ብልጠት አለበት። አንድ ዶላርም ብትሆን ከአሳታሚው ኪስ ወጥታ ደራሲው ኪስ ገብታለች። አስከፋይ ነህ ለሚለው ሁሉ መልስ ትሆናለች።

ታዲያ ድርጅቱ በምን ይተዳደር ነበር? እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የነገሩ ሆድ ዕቃ ያለው እዚህ ነው።

ዱሮ አሳታሚ መጽሐፍ ሲያወጣ ሺህዎች ቅጂ ባንድ ጊዜ አሳትሞ መጋዘን ያስገባ ነበር። ካልተሸጠ ይከስራል። ስለዚህ ከማሳተሙ በፊት ያነባል። አንድ ሰው ያነባል፣ ሌላው ይደግመዋል፣ ሦስተኛው ይከራከራል። ይህ ሁሉ ለሥነ ጽሑፍ ፍቅር ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ነዋ! ብሩን አደጋ ላይ የጣለ ሰው ዓይኑን አይጨፍንም።

ከዚያ በትእዛዝ የማተም ቴክኖሎጂ መጣ። አንድ ሰው ሲያዝ አንድ ቅጂ ይታተማል። መጋዘን የለም፣ ተመላሽ የለም፣ አቧራ የለም። ቴክኖሎጂው በራሱ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ዛሬ ስንት ጥሩ ደራሲ ይጠቀምበታል። ግን አንድ ነገር ይዞ ሄዷል። አሳታሚው እንዲያነብ የሚያስገድደውን ፍርሃት።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። አንድ ደራሲ ስሙ ያለበት መጽሐፍ ሲወጣለት እናቱ ትገዛለች። አክስቱ ትገዛለች። የሥራ ባልደረቦቹ አፍረው ይገዛሉ። ሃምሳ ቅጂ እንበል። ለደራሲው ይህ ውድቀት ነው። ሺህ ደራሲ ለያዘ ድርጅት ግን 50,000 ቅጂ ነው። ዋጋውን ደግሞ ከሌላው መጽሐፍ ከፍ ማድረግ ነው፤ እናት ስለ ዋጋ አትከራከርም። ፐብሊሽ አሜሪካ አዲስ ደራሲ ሲፈርም የወዳጅ ዘመዶቹን ስምና አድራሻ ዝርዝር ይጠይቅ ነበር፤ የመጽሐፉን መውጣት የሚያበስር ደብዳቤ ለነሱ ይላካል። መጽሐፍ መደብሮች ግን እነዚህን መጻሕፍት እምብዛም አያስገቡም ነበር። ያልተሸጠውን መመለስ የማይችሉትን ዕቃ ለምን ይውሰዱ?

ደራሲው ራሱም ይገዛል። መደርደሪያ ላይ ያጣውን መጽሐፍ በካርቶን አስመጥቶ በየደረሰበት ይሸጣል። የድርጅቱ ደንበኛ እንግዲህ አንባቢው አልነበረም። ደራሲው ነበር።

እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን ቤት «ቫኒቲ ፕሬስ» ይለዋል። እኛ ውዳሴ ከንቱ የምንላትን ነገር የሚሸጥ አሳታሚ ማለት ነው። ፐብሊሽ አሜሪካ በዚህ ስም መጠራቱን አምርሮ ይጠላ ነበር። አንድ ዶላሯን እያሳየ ይክድ ነበር።

ውሉ የ7 ዓመት ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የፈረመ ሰው ሥራውን ይዞ ሌላ ቤት ልሂድ ቢል መንገዱ ዝግ ነበር።

ስድቡ

ደራሲዎች ዝም አላሉም። የአሜሪካ የሳይንሳዊና የምናባዊ ልቦለድ ደራሲዎች ማኅበር «ራይተር ቢዌር» የሚባል፣ ደራሲ ተጠንቀቅ እንደማለት ያለ፣ የጥንቃቄ አገልግሎት ነበረው። በ1998 ነው የተጀመረው፤ ኤ. ሲ. ክሪስፒን እና ቪክቶሪያ ስትራውስ የተባሉ ሁለት ሴት ደራሲዎች ናቸው ያቆሙት። አጭበርባሪ ወኪል፣ አስከፋይ አሳታሚ፣ የማይረባ ውል ሲያዩ በይፋ ይናገሩ ነበር። ፐብሊሽ አሜሪካም ከምላሳቸው አላመለጠም።

ድርጅቱ ለደራሲዎች ባዘጋጀው ገጽ ላይ መልስ ሰጠ። የሳይንሳዊና የምናባዊ ልቦለድ የጥራት መለኪያ ከሌላው ልቦለድ በጣም ዝቅ ይላል አለ። የዚህ ዘርፍ ጸሐፊዎች ታሪኩ በሩቅ ወደፊት ስለሆነ የሚታመን መሆን አያስፈልገውም ብለው የሚያስቡ ናቸው አለ።

ነካካቸው።

ጄምስ ማክዶናልድ የሚባል ደራሲ አለ። በፊት የባሕር ኃይል ባልደረባ የነበረ፣ ከባለቤቱ ከዴብራ ዶይል ጋር ምናባዊ ልቦለዶችን የጻፈ ሰው ነው። እሱ የተናደደ አይመስልም፤ ሙድ ሊይዝባቸው ነው የወሰነው። ድርጅቱ መርጬ ነው የምቀበለው ይላል አይደል? እንግዲያው የትኛውም ጤነኛ አሳታሚ የማይነካው ልቦለድ እንጻፍና እንላክለት አለ። እኛ መለኪያችን ዝቅ ያለ ነን ከተባልን፣ ምን ያህል መውረድ እንደምንችል እናሳያቸው።

በጥር 2004፣ በማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ሰሞን፣ ሠላሳ ከምናምን ደራሲዎች ተከፋፍለው ጻፉት። ከመካከላቸው አለን ስቲልን፣ ሸርዉድ ስሚዝን፣ አዳም ትሮይ ካስትሮን የመሳሰሉ ስም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ርዕሱን «አትላንታ ናይትስ» አሉት፤ የአትላንታ ሌሊቶች። በመኪና አደጋ ተጎድቶ ሆስፒታል ውስጥ ስለሚነቃ ብሩስ ሉሰንት ስለሚባል ሰው ይጀምራል። ወዴት እንደሚሄድ ግን የጻፉትም አያውቁም።

አሠራሩ ራሱ ለጥፋት የተመቸ ነበር። ማክዶናልድ ለእያንዳንዱ ደራሲ የአንድ ምዕራፍ ቁራጭ ዝርዝር ብቻ ሰጠ። ከዚያ በፊት ምን እንደሆነ አልነገረም። ወቅቱ ክረምት ይሁን በጋ፣ ሰዎቹ ረጅም ይሁኑ አጭር፣ አልነገረም። በትምህርት ቤት ሴራ፣ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ እያልን የሸመደድነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነቅሎ ጣለው።

ቀሽም መጻፍ ይከብዳል

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ እኔም ሞከርኩት። በአማርኛ አንዲት አንቀጽ ላበላሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ያወጣሁት ይኸውላችሁ፦

«ውቧ፣ ቆንጆዋና መልከ መልካሟ ሰናይት በመስታወቱ ውስጥ ቡናማ ዓይኖቿን እየተመለከተች በጥልቅ ሐዘን አዘነች። ‹ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ሆይ፣ እንደምታውቀው አባታችን አቶ ከበደ ከሦስት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ ሞቷል› አለችው በሐዘን። ዳዊትም እህቱን በሐዘን ተመለከታት። ውጭ ኃይለኛ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ፀሐይዋም ታቃጥል ነበር። በዚህ ጊዜ አባታቸው በሩን ከፍቶ ገባ።»

አስቸጋሪ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እጄ ሳላዘው ሊያርም ይነሳል። ሦስቱን ቅጽሎች ስደረድር ሁለቱን ልሰርዝ ጣቴ ይበላኛል። ዝናቡንና ፀሐዩን አብሬ ሳወጣ «ጅብ እየወለደች ይሆናላ» ብዬ ምክንያት ልሰጠው አሰብኩ። ቀሽም ነገር ሆን ብሎ ለመጻፍ ጥሩው የት ጋ እንዳለ ማወቅ ይጠይቃል። የጀማሪ ስሕተት ሳያውቀው ይመጣል። የነማክዶናልድ ግን እየተለካ ነው የገባው።

ከአንቀጼ ውስጥ በጣም የምጠላት «እንደምታውቀው» የምትለዋን ነው። ሰው ለወንድሙ አባትህ ሞቷል ብሎ አይነግረውም። የሚነግረው ደራሲው ነው፤ ለአንባቢው፤ በሰናይት አፍ። ባለታሪኳ በዚያች ቅጽበት ሰው መሆኗ ቀርቶ ድምፅ ማጉያ ሆነች። ታዲያ መረጃውን እንዴት እናቀብለው? ይኼን ያህል ከባድ አይደለም፦

«ሰናይት ከቁም ሳጥኑ ግራጫውን ኮት አወጣች። ‹ልበሰው፤ አሁን ይሆንሃል። አባባም ትከሻው ሰፊ ነበር።› ዳዊት ለበሰውና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። የመኪና ማቆሚያ ደረሰኝ አገኘ። ቀኑን አየው። የሦስት ዓመት ነው። መልሶ ከተተው።»

ሐዘን የሚለው ቃል የለም። ሞተ የሚልም የለም። ኮቱና ደረሰኙ ሥራውን ሠርተዋል። ምርጥ ነው አልልም፤ ግን አንባቢው የሚያደርገው ነገር አግኝቷል፤ ይገምታል። በፊተኛው አንቀጽ ላይ ግን ሁሉም ነገር ተነግሮት እጁን አጣጥፎ ነው የተቀመጠው።

ወጥመዱ እንዴት ተሠራ

ወደ አትላንታ እንመለስ። ቀልዱን ሁሉም ያወራዋል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ፈተናው እንዴት በጥንቃቄ እንደተሠራ ነው። የተቀበሩት ስሕተቶች ሁለት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ዓይነት የሚያከራክር ነው። የተንዛዛ ቅጽል፣ የተሰለቸ ምልልስ፣ የማይመስል ፍቅር። እዚህ ላይ አሳታሚው «ለኛ ጥሞናል» ቢል ምን ትሉታላችሁ? የአንባቢ ጣዕም ይለያያል። ነማክዶናልድ በዚህ ብቻ ቢያቆሙ ኖሮ ፈተናው ምንም ባላረጋገጠ ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ግን አያከራክርም። ምዕራፍ 4 እና ምዕራፍ 17 አንድ ናቸው። ምዕራፍ 21 የሚባል ነገር የለም፤ ከ20 ወደ 22 ይዘላል። ምዕራፍ 12 ደግሞ ሁለት አለ፤ ቁጥሩ አንድ፣ ታሪኩ ሌላ። ምዕራፍ 13 እና 15 ከአንድ ዝርዝር ተነስተው ሁለት ደራሲዎች ለየብቻ የጻፏቸው ናቸው፤ ስለዚህ ያው ነገር በሌላ አፍ ሁለቴ ይሆናል። ሰዎቹ ፆታቸውና ዘራቸው ይቀያየራል። የሞተ ሰው ያለምንም ማብራሪያ ተነሥቶ ይሄዳል። መጨረሻው አካባቢ ላይ ይህ ሁሉ ሕልም ነበር ይባላል። ሕልም ነበር ተብሎ እንኳ አያበቃም፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሌሎች ምዕራፎች ይቀጥላሉ!

እነዚህ የጣዕም ጉዳይ አይደሉም። ምዕራፍ 21 አለ ወይስ የለም? መልሱ አንድ ነው። ያላየ ሰው አላነበበም።

ከሁሉም የምወደው ምዕራፍ 34ን ነው። እሱን ሰው አልጻፈውም። የቀደሙትን ምዕራፎች ለኮምፒውተር ፕሮግራም አበሉትና እሱ አወጣው። ፕሮግራሙ ምንም አያስብም፤ በተሰጠው ጽሑፍ ውስጥ የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚከተል አይቶ በዘፈቀደ ያያይዛል። ውጤቱ ከሩቅ ሲያዩት ዓረፍተ ነገር ይመስላል። ቃሉ አለ፣ ነጥቡ አለ። ጠጋ ሲሉት ባዶ ነው። ገጾቹን በዓይኑ ቃኘት ያደረገ ሰው ሊያመልጠው ይችላል፤ አንድ አንቀጽ ያነበበ ግን አያመልጠውም።

በስሞቹ ውስጥ ደግሞ መልእክት ተደብቋል። ፔኔሎፒ ኧርቤን የምትባል አለች፤ የስሟና የአባቷ ስም የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊደላት የድርጅቱ ስም የሚጀምርባቸው ሁለቱ ናቸው። ብሩስ ሉሰንት ቀጣዮቹን ሁለት ይሰጣል። እንዲህ እያለ ይሄድና የባለታሪኮቹ ስም ሲገጣጠም «ፐብሊሽ አሜሪካ ቫኒቲ ፕሬስ ነው» የሚል ይወጣል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ቢሆን ፈገግ ይል ነበር።

47 ቀን

ረቂቁ ተላከ። በታኅሣሥ 7 ቀን 2004 ተቀባይነት አገኘ።

ደራሲዎቹ ውሉን ይዘው የሕግ ሰው አማከሩ። ፈርመው መጽሐፉ እስኪታተም ድረስ መሄድ ይቻል ነበር፤ ቀልዱም ይደምቅ ነበር። ግን እዚያ ድረስ አልገፉትም። በጥር 23 ቀን 2005 ነገሩን ይፋ አደረጉት።

በማግሥቱ፣ ጥር 24፣ ድርጅቱ ውሳኔውን አነሳ። በድጋሚ ሲታይ ሥራው ለኅትመት ያልደረሰ ሆኖ ተገኝቷል፣ አርታኢዎቻችን ትርጉም የለሽ ጽሑፍ አግኝተውበታል የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ክፍያ የሚጠይቅ ሌላ አሳታሚ ቢሞክሩ ሊቀበላቸው እንደሚችልም ጠቆመ። ይቺ ደብዳቤ ከልቦለዱ በላይ ታስቃለች።

ለድርጅቱ ፍትሐዊ ልሁን። መቀበል የመጀመሪያ ደረጃ ነው፣ አርትዖቱ በኋላ ይመጣል ሊል ይችላል። ተዋሽተን ነው ቢልም እውነት አለው፤ ሠላሳ ሰው ተሰብስቦ ዋሽቶታል። ግን በ47 ቀን ውስጥ ምዕራፍ 34ን ያላየ ዓይን፣ ነገሩ አደባባይ በወጣ በማግሥቱ እንዴት በራለት? ደግሞስ ጨርሶ ያልተነበበ ሥራ ላይ የ7 ዓመት ውል ምን የሚሉት ነው? እኔ ለዚህ መከላከያ አላገኘሁለትም።

በነገራችን ላይ ይህ ብቸኛው ሙከራ አልነበረም። ሌላ ደራሲ ያንኑ ሠላሳ ገጽ አሥር ጊዜ ደጋግማ ልካ ተቀብለዋታል።

ነማክዶናልድ ልቦለዱን በኋላ ሉሉ በተባለ በትእዛዝ የሚያትም አገልግሎት በኩል አወጡት። ሉሉ መርጬ አሳትማለሁ አይልም፤ ደራሲው ራሱ የሚያሳትምበት አገልግሎት ነው። ደራሲው «ትራቪስ ቲ» ተባለ። ቀስ ብላችሁ ስትጠሩት የሰው ስም ነው። ፈጠን ስትሉ «ትራቬስቲ» ይሆናል፤ መሳለቂያ፣ ቀልድ የሆነ ነገር ማለት ነው። ሰሙ ሰው፣ ወርቁ ስድብ። ገቢው ለታመሙ ደራሲዎች የሕክምና መርጃ እንዲውል ለማኅበሩ ተሰጠ።

ድርጅቱስ? በዚህ አልተዘጋም። ብዙ ዓመት ሠራ። በ2011 ደራሲዎቹን 49 ዶላር ከከፈሉ ኤድንበራ ላይ መጽሐፋቸውን ለጄ. ኬ. ሮውሊንግ እንደሚያስተዋውቅላቸው ነገራቸው። የሮውሊንግ ጠበቆች አቁሙ የሚል ደብዳቤ ላኩበት። በ2014 ስሙን ቀየረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ደብዛው ጠፋ። ያቺን የ1 ዶላር ቅድሚያ ክፍያና ይቺን የ49 ዶላር ጥያቄ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ብሩ ወዴት ሲፈስ እንደነበር ይታያል።

አታሚ እና አሳታሚ

ማክዶናልድ የሚታወቅበት አንድ ሕግ አለው። ገንዘብ ወደ ደራሲው ነው የሚፈሰው ይላል። ከደራሲው ወደ ሌላ ሰው መፍሰስ ከጀመረ ቆም ብለህ ጠይቅ ነው ነገሩ።

ይህን ለአዲስ አበባ ደራሲ ብትነግሩት ይስቅባችኋል። እሱ መጽሐፉን ለማውጣት ዕቁብ ጥሏል፣ ተበድሯል። ማተሚያ ቤት ሄዶ በገዛ ገንዘቡ አሳትሟል። ቅጂውን ለአከፋፋይ ሰጥቶ ሒሳቡን ሲጠብቅ ኖሯል። ሁሉም ገንዘብ ከሱ ነው የወጣው። ታዲያ ተጭበርብሯል?

አልተጭበረበረም። ቋንቋችን ራሱ ለይቶ አስቀምጦታል። አታሚ የሚያትመው ነው፤ ማሽኑ ያለው። አሳታሚ ደግሞ በገንዘቡ የሚያስደርገው ነው። በዱሮው ጊዜ እንደ ኩራዝ ያለ ድርጅት አርታኢዎቹን ይዞ አሳታሚ ይሆን ነበር። ዛሬ ብዙ ጊዜ አሳታሚው ደራሲው ራሱ ነው። ማተሚያ ቤቱም አታሚ ነኝ እንጂ መጽሐፍህን መርጬዋለሁ አይልም። ወረቀቱን ቆጥሮ፣ ዋጋውን ነግሮ፣ ያትማል። ግልጽ ንግድ ነው። የፐብሊሽ አሜሪካ ነገር የሚያስቀይመው አትሞ መብላቱ አይደለም። አታሚ ሆኖ ሳለ የአሳታሚ ካባ መልበሱ ነው። «መረጥንህ» የምትለዋን ቃል ያለማንበብ መስጠቱ።

ግን ከዚህ ለኛ ደራሲ የሚወጣ አንድ ሥራ አለ። አሳታሚው አንተ ከሆንክ፣ እንደ አሳታሚ የሚያነበውም ሌላ ማንም የለም። ማተሚያ ቤቱ ምዕራፍ 4ን ሁለቴ ብትሰጠው ሁለቴ ያትመዋል፤ ሥራው ነው። ጓደኛህ «አሪፍ ነው» ይልሃል። በምረቃው ዕለት የሚገዛህ ሰው አንተን ወድዶ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ከማተሚያው ሒሳብ ላይ ቀንሰህም ቢሆን ለአርታኢ ክፈል። የማያውቅህ ቢሆን ይመረጣል። ረቂቁን ሲመልስልህ ኅዳጉ ላይ ምንም ካልጻፈ ገንዘብህን መልስ በለው።

በዲያስፖራ ያለው ደራሲ የሚገጥመው ፈተና ደግሞ ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ የጻፈ እንደሆነ ስልክ ይደወልለታል። መጽሐፍህን ትልቅ አሳታሚ ሊገዛው ነው፣ ሆሊውድ ፊልም ሊሠራበት ነው፤ ብቻ መጀመሪያ ይህንና ያንን ክፈል። ቀልድ አይደለም። በ2025 መጀመሪያ ሳን ዲዬጎ ላይ ይፋ የሆነ አንድ የፌዴራል ክስ እንደሚለው፣ ፊሊፒንስ ካለ የስልክ ማዕከል እየተደወለ ከ800 በላይ ደራሲዎች ከ44 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተወስዶባቸዋል። ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው።

አሁን አሁን ደግሞ ስልኩ ወደ ኢሜይል ተቀይሯል። ደብዳቤው ያማረ ነው። የመጽሐፍህን ርዕስ ይጠራል፣ የባለታሪኳን ስም ያውቃል፣ የሐዘኗ ጥልቀት ልቤን ነካው ይላል። በማሽን የተጻፈ ነው፤ መጽሐፉን ከጀርባ ሽፋኑና ከመሸጫ ገጹ በላይ ማንም አላየውም። በ2004 ደራሲዎች አሳታሚው ማንበቡን ለመፈተን ማሽን ምዕራፍ 34ን እንዲጽፍ አደረጉ። ዛሬ አጭበርባሪው ያነበበ ለመምሰል ያንኑ የማሽን ነገር ይጠቀማል። ልዩነቱ ማሽኑ ጽሑፍ ለምዷል።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢደርሰኝ ስለ ክፍያም ስለ ውልም አልጠይቅም። አመስግኜ አንዲት መስመር ብቻ እመልሳለሁ፦ ምዕራፍ 21ን እንዴት አገኛችሁት? መጽሐፌ የሚያበቃው ምዕራፍ 20 ላይ ቢሆንም።